የአንኮበር ባሕር

ጅቡቲ ወደብ ላይ የቆመ የመንገደኞች መርከብ ለእንግዶቹ ብዙ ጊዜ አይሰጥም። ጠዋት የወረደ ሰው ሳይመሽ ወደ መርከቡ መመለስ አለበት። ባሕር የሚወድ ባለሸራ ጀልባ ይሳፈርና ወደ ሙሻ ደሴት ይሻገራል። እዚያም የውሃ መነጽሩን አጥልቆ፣ የመተንፈሻ ቱቦውን ነክሶ፣ ፊቱን ወደ ውሃው ደፍቶ ይንሳፈፋል። ከበታቹ ኮራሉ፣ ዛጎሉና በየቀለሙ የሚርመሰመሰው ዓሣ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በታጁራ ሰላጤ የደረሰ ደግሞ ዕድል ከቀናው ዌል ሻርክ ከሚባለው፣ በዓለም ካሉት ዓሦች ሁሉ ትልቁ ከሆነው፣ ጎን ለጎን ይዋኛል። ባሕሩን ያልመረጠ በመኪና ወደ አሳል ሐይቅ ወርዶ ነጩን የጨው ሜዳ ረግጦ ይመለሳል። ሁሉም የግማሽ ቀን ወይም የአንድ ቀን ሽርሽር ነው።

ከ180 ዓመት በፊት በዚሁ ሰላጤ ከመርከብ የወረደ እንግዳ ግን መድረሻው ሌላ ነበር። ታጁራ ላይ ጭነቱን ያወርዳል፣ ግመል ይከራያል፣ አሳልን በሌሊት ያቋርጣል፣ የአፋርን በረሃ አልፎ አዋሽን ይሻገራል። መጨረሻ ላይ ጉም የለበሰ ተራራ ይወጣል። ተራራው ላይ ያለችው ከተማ አንኮበር ናት።

አንኮበርን ከባሕር ጋር አያይዞ የሚያስብ ሰው ዛሬ ጥቂት ነው። ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ደጋው በድንገት ተቆርጦ ወደ አዋሽ ሸለቆ በሚወርድበት ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ነው። ነገር ግን ስሟ ራሱ በር ይላል። በሩን አንኮ ከምትባል የጥንት ሴት ባላባት ጋር የሚያያይዝ አፈ ታሪክ አለ። የአንኮ ማንነት ምንም ሆነ ምን፣ በሩ ወዴት ይከፈት እንደነበር ያከራክራል ማለት አይቻልም። የሚከፈተው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቆላው፣ ከቆላው ባሻገር ደግሞ ወደ ባሕሩ ነበር። የሸዋ መሳፍንት በ18ኛው መቶ ዘመን መቀመጫቸውን እዚህ ያደረጉት ለመከላከል ስለሚመች ብቻ አይደለም። ከዚህ ጠርዝ ላይ ሆኖ የሚገባውንም የሚወጣውንም ነጋዴ መቆጣጠር ይቻላል።

ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ይህን ቁጥጥር እንደ ጥበብ ይዘውት ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ንጉሡ በአንድ ቦታ አይቀመጡም። አንድ ጊዜ አንኮበር፣ አንድ ጊዜ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን በመሠረታት ደብረ ብርሃን፣ አንድ ጊዜ ራሳቸው ባቋቋሟት አንጎለላ ይከርማሉ። ወደ ባሕር የሚወስደው መንገድ ግን ያለ ጠባቂ የሚውልበት ቀን አልነበረም። የይፋቱ ገዥ ወላስማ መሐመድ ጎንጮ ላይ ሆነው ጠረፉን ይጠብቃሉ። ፋሬ ላይ የመጣ ዕቃ ይፈተሻል፣ ይቆጠራል፣ ይቀረጣል። ፈቃድ ያላገኘ እንግዳ ከፋሬ አያልፍም፤ ከገባም በኋላ ያለ ንጉሡ ፈቃድ አይወጣም።

ከፋሬ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከአንኮበር ግርጌ፣ አልዩ አምባ አለ። የዚህ ታሪክ ልብ ያለው እዚያ ነው።

አልዩ አምባ ወደብ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ውሃ የሌለው ወደብ ነው እንጂ። አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሐረሬው፣ ሶማሌው እዚያ ቤት ሠርቶ ይኖራል፤ የአብዛኛው ሃይማኖት እስልምና ነው። ገበያው ዓርብ ዓርብ ይቆማል። ከደጋው እህል፣ በቅሎ፣ ማርና በግ ይወርዳል፤ ከደቡብና ከምዕራብ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅና በቀንድ የታሸገ ዝባድ ይመጣል። ከባሕር በኩል መዳብ፣ ጨሌ፣ ሐርና የጥጥ ጨርቅ በግመል ይደርሳል።

በዚያ ገበያ አንዲት ሴት ጨርቅ ስትመርጥ በዓይነ ኅሊና ማየት ይቻላል። ቀዩን ጨርቅ የምትፈልገው ልትለብሰው አይደለም። ክሩን መዝዛ ለሸማኔ ትሰጠዋለች፤ የነጠላዋ ጥለት ይሆናል። ባሏ አንገት ላይ ያለው ሰማያዊ የሐር ማተብም በዚያው መንገድ የመጣ ነው። የምትከፍለው የማርያ ቴሬዛ ብር 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት ሲሆን ከአውሮፓ ተነሥቶ ባሕር ተሻግሮ የደረሰ ነው። ነጋዴው ብሩን ተቀብሎ ወዲያው ኪሱ አይከተውም። አገላብጦ ያየዋል። በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ መያዣ ላይ የተቀረጹትን ትንንሽ የዕንቁ ነጠብጣቦች በጣቱ ይዳስሳል፤ ከተፋቁ አልፈልግም ይላል። የባሏ ክርስትና ምልክት፣ የልብሷ ጌጥ፣ የገንዘቧ ዋጋ ሁሉ ባሕር የተሻገረ ነበር። ያቺ ሴት ባሕርን አይታ አታውቅም።

ስለ ጨው ሲነሣ ነገሩ ይበልጥ ይጠልቃል። በሸዋ ገበያ እንደ ገንዘብ የሚመነዘረው አሞሌ ከሰሜኑ የአፋር ረባዳ ተጠርቦ የሚመጣ ነው። አፋሮች ከአሳል ሐይቅ እየዛቁ በግመል የሚያመጡት ጨው ደግሞ ሌላ ነው፤ ልቅ ሆኖ፣ በዘንባባ በተሠራ ከረጢት ታሽጎ ይጓዛል። አሳል ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ገደማ ሲሆን በአፍሪካ ምድር ከዚያ ዝቅ የሚል ቦታ የለም። ከታጁራ ሰላጤ ጫፍ፣ ጉቤት ከሚባለው ገባ ያለ ባሕር የሚለየው አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ዓለት ነው። የባሕሩ ውሃ በዓለቱ ስንጥቅ ሰርጎ ወደ አሳል ይወርዳል፤ ፀሐዩ ውሃውን ይመጠዋል፤ ጨው ይቀራል። ሐይቁ ከባሕር በአሥር እጥፍ ጨዋማ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። እንዲህ ከሆነ፣ አንኮበር ላይ ወጥ ያጣፈጠው የአሳል ጨው በምሳሌ ሳይሆን በእውነት ውሃው የተነነ የሕንድ ውቅያኖስ ነበር። ዛሬ በጉቤት ውሃ የሚዋኝ ሰው ከንፈሩ ላይ የሚቀርለትና የዚያን ጊዜ የአልዩ አምባ ነጋዴ በስፍር የሚሸጠው አንድ ጨው ነው።

በ1839 እንግሊዞች ኤደንን ያዙ። በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦቻቸው ከስዊዝ ወደ ቦምቤይ ሲመላለሱ የድንጋይ ከሰል የሚጭኑበት ማረፊያ ይፈልጉ ነበር። በዚያው ዓመት ክራፕፍና ኢዘንበርግ የሚባሉ ሁለት ጀርመናውያን ሚስዮናውያን ከሞካ በጀልባ ተሻግረው፣ ታጁራ ወርደው፣ ሸዋ ገቡ። ኢዘንበርግ ወዲያው ተመለሰ፤ በኋላም የአማርኛ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው አሳተመ። ክራፕፍ እስከ 1842 ቆየ። ሮሼ ዴሪኩር የሚባለው ፈረንሳዊም ያኔውኑ በ1839 በዚሁ መንገድ መጣ። በ1840 የእንግሊዙ ካፒቴን ሞርስቢ ከታጁራው ሱልጣን ጋር ተዋውሎ የሙሻን ደሴት ወሰደ። ዋጋው አሥር ጆንያ ሩዝ ነበር። ዛሬ የመርከብ እንግዶች ዓሣ ሊያዩ የሚንሳፈፉበት ያ ደሴት በአሥር ጆንያ ሩዝ እጅ የለወጠው በሸዋ መንገድ ምክንያት ነው። ወደ አንኮበር የሚያስገባውን አፍ የሚጠብቅ ደሴት ስለሆነ ተፈለገ።

ሣህለ ሥላሴም ዝም ብለው የሚጠብቁ ንጉሥ አልነበሩም። የጦር መሣሪያና የእጅ ጥበብ እንዲመጣላቸው ለእንግሊዞች ደብዳቤ ልከው ነበር። መልሱ በግንቦት 1841 ሴሶስትሪስ በምትባል የእንፋሎት የጦር መርከብ ታጁራ ደረሰ።

የመልእክቱ መሪ ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የቦምቤይ ጦር መሐንዲስና በደቡብ አፍሪካ አደኑ ስሙ የታወቀ ሰው ነበር። አብረውት መኮንኖች፣ ሐኪሞች፣ ወታደሮች፣ በርናትዝ የሚባል የባቫርያ ሠዓሊና ዶክተር ሮት የሚባል የተፈጥሮ ተመራማሪ መጡ። ስለዚህ ስለ ሮት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ዮሐንስ ሮት ከዚህ ጉዞ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ያሳተመው መጽሐፍ ስለ ቀንድ አውጣና ስለ ዛጎል ዘሮች ነው። ዛጎል የሚያጠና ሰው በዛጎል ከተሞላው ሰላጤ ተነሥቶ ወደ አንኮበር ሲወጣ ምን እንዳሰበ መገመት ደስ ይላል። የውሃ መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ ገና ባልተሠራበት በዚያ ዘመን እንደርሱ ያለ ተመራማሪ የሚያገኘው ማዕበል ወደ ዳር የተፋውን ወይም የአገሬው ጠላቂ ትንፋሹን ይዞ ከሥር ያወጣለትን ነው። በቀይ ባሕር፣ በተለይ በዳህላክ ደሴቶች፣ ዕንቁ የሚፈልጉ ጠላቂዎች ይህን ሥራ ለዘመናት ሠርተውታል። የነርሱ መጥለቅ ለእንጀራ ነበር።

ከመቶ በላይ ግመል የጫነው ቅፍለት ከታጁራ ሲነሣ ጊዜው ከዓመቱ ሁሉ የከፋ ነበር፤ የቆላው ንዳድ ገብቷል። አሳል ዳርቻ ሲደርሱ ውሃ አለቀባቸው። ሰዎቹ በየጥቁሩ ድንጋይ ጥላ ወድቀው፣ እንስሳቱ መንገድ ላይ እየቀሩ፣ ውሃ የያዘ አቁማዳ ከፊት ተልኮላቸው ነው የተረፉት። ጉንጉንተ የሚባል ሸለቆ ውስጥ ባደሩበት ሌሊት ደግሞ ከእንግሊዝ ወታደሮቹ ሁለቱና አንድ ፖርቱጋላዊ አገልጋይ በተኙበት ታረዱ። ስድስት ሳምንት ያህል ተጉዘው በሐምሌ የሸዋን ጠረፍ ረገጡ።

ፋሬ ላይ ግመል ያበቃል። የቆላ ግመል ያንን ዳገት፣ ያውም በክረምት ጭቃ፣ አይወጣውም። ጭነቱ ወርዶ፣ ተፈትቶ፣ በየሰው ትከሻ ተከፋፈለ። ከባሕር የመጣው መድፍ፣ ከባሕር የመጣው የጠመንጃ ሣጥን፣ በይፋት ገበሬ ጫንቃ ተራራውን ወጣ። ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ስጦታውና ስለ ውሉ ብዙ ጽፈዋል። ስለ ተሸካሚዎቹ የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። በሐምሌ ዝናብ የሚያንሸራትት ዳገት ላይ የመድፍ ብረት ተሸክሞ የወጣው ሰው ስም ግን በየትኛውም መጽሐፍ የለም። መጻፍ የሚገባው እርሱ ነበር።

ንጉሡ እንግዶቹን የተቀበሉት መጫል ወንዝ ላይ ነው። የካሽሚር ሻል ተዘረጋ፤ በራሱ የሚዘምር የሙዚቃ ሣጥን ተከፈተ፤ 300 ጠመንጃ ሳንጃው እያብለጨለጨ ተደረደረ። መድፉ ወደ ፊት ለፊቱ ኮረብታ ሲተኮስ ሸለቆው አስተጋባ። የሕንድን ሙቀት የለመዱት እንግዶች ከዚያ በኋላ ንጉሡን ተከትለው ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አንጎለላ ሲወጡ ሌላ ፈተና ገጠማቸው፤ ብርዱ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ ናት። የዚያ አገር ሰው በበግ ጠጉር ባናና በዝተት ተጠቅልሎ የሚያድረው ያለ ምክንያት አይደለም። ኅዳር 1841 ላይ አሥራ ስድስት አንቀጽ ያለው የንግድና የወዳጅነት ውል ተፈረመ። ፈረንሳይም አልተኛችም፤ ሮሼ ዴሪኩር ተመልሶ መጥቶ በ1843 የራሱን ውል አስፈረመ። ሁለት የባሕር ኃያላን ለአንድ የተራራ ንጉሥ የተሽቀዳደሙት መንገዱን ፈልገው ነው።

ይህ መንገድ ወደ ባሕር የሚያወርደውን ሳይጠቅሱ የሚያመጣውን ብቻ ማውራት ግን እውነትን ማጉደል ነው። ከአልዩ አምባ ጎን ዓብዱል ረሱል የሚባል ገበያ ነበር። የሚሸጠው ሰው ነው። ከደቡብና ከምዕራብ ተማርከው የመጡ፣ አብዛኞቹ ልጆች የሆኑ ሰዎች፣ ከዚያ በእግራቸው በረሃውን አቋርጠው ታጁራ ላይ ጀልባ ይጫናሉ። ለእነርሱ ሸራው ሲዘረጋ አገር ያበቃል። ንግዱ ከሣህለ ሥላሴ ዘመን አልፎ ቆየ። በመስከረም 1888 ኦስፕሬይ የሚባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከአፋር ጠረፍ ተነሥተው ወደ ዐረብ አገር የሚሻገሩ ሦስት ባለሸራ ጀልባዎችን ያዘ። በውስጣቸው 204 ምርኮኞች ነበሩ። ኤደን ተወስደው ካገገሙት መካከል 64 የኦሮሞ ልጆች በ1890 ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ላቭዴል ወደሚባል የሚስዮን ትምህርት ቤት ተላኩ። ከነርሱ አንዷ ቢሾ ጃርሳ ትባላለች። አፓርታይድን የታገለውና ከኔልሰን ማንዴላ ጋር በሮበን ደሴት የታሰረው ምሁር ኔቪል አሌክሳንደር የልጅ ልጇ ነው።

በምኒልክ ዘመን መንገዱ እንደገና ሞቀ። በ1876 የጣልያን የጂኦግራፊ ማኅበር መልእክተኛ ማርኪዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪ ከዘይላ ተነሥቶ ምኒልክን ልቼ ላይ አገኘ። ምኒልክ ከአንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ የሚባለውን ቦታ ሰጡት። ስሙ እንደሚለው የአንድ ሌሊት ማረፊያ አልሆነለትም። በአደን ሳለ ጠመንጃ ባርቆበት እጁ ቢጎዳም በዙሪያው ካለው ጫካ ወፍ እየሰበሰበ ወደ ጄኖቫ ሲልክ ኖረ፤ በነሐሴ 1882 እዚያው አርፎ ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር ተቀበረ። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግም በ1879 አንኮበር ገብቶ ለብዙ ዓመታት የምኒልክ አማካሪ ሆነ።

ከዚያ ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ መጣ። አርቱር ራምቦ በ1871፣ ገና አሥራ ስድስት ዓመቱ ሳለ፣ ባሕርን በዓይኑ ሳያይ ያለ ቀዛፊ ስለምትንሳፈፍ ጀልባ ረጅም ግጥም ጽፎ ነበር። ግጥም መጻፉን ከተወ ከብዙ ዓመት በኋላ ታጁራ ላይ ቁጭ ብሎ ባሕሩን ለአንድ ዓመት ያህል አየው። ይዞት የመጣው 2,000 ገደማ አሮጌ ጠመንጃ ነበር፤ ፈቃድ እየዘገየ፣ ሸሪኮቹ እየሞቱ ከታኅሣሥ 1885 እስከ ጥቅምት 1886 እዚያው ተገተረ። በመጨረሻ ቅፍለቱን አንቀሳቅሶ፣ ያንኑ አሳልን፣ ያንኑ አፋርን አቋርጦ የካቲት 6 ቀን 1887 አንኮበር ገባ። ንጉሡ ምኒልክ የሉም። ሐረርን ይዘው ገና አልተመለሱም፤ መናገሻውም ቢሆን ወደ እንጦጦ ተሻግሯል። ራምቦ ጭነቱን ይዞ ወደ እንጦጦ ወጣ፤ ከሞቱት ሸሪኮቹ የአንዱ አበዳሪዎችም እየተከተሉ ገንዘቡን በሉት። ወደ ባሕር የተመለሰው በሐረር በኩል ነው።

የራምቦ መመለሻ የመንገዱም መጨረሻ ምልክት ነበር። ሐረር ከተያዘ በኋላ ንግዱ ወደዚያ አዘነበለ። ፈረንሳዮች በ1888 ጅቡቲን መሠረቱ። በ1897 የተጀመረው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ መድፍ በትከሻ የሚወጣበት፣ ብር በፋሬ የሚቆጠርበት ምክንያት ቀረ። ታጁራ ዝም አለች። አንኮበርም የጥንት መናገሻ ሆና ቀረች፤ የቤተ መንግሥቷ ኮረብታ ላይ ዛሬ ሎጅ አለ፤ እንግዳው የሚመጣው ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን በኩል፣ ከጀርባዋ ነው። ከዋናው በሯ፣ ከምሥራቁ የሚገባ እንግዳ ጠፍቷል።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ስለ ኢትዮጵያና ስለ ባሕር በሚነገረው ሁሉ የሚነሡት ምጽዋ፣ አሰብና ጅቡቲ ናቸው። ደገኛው ለዘመናት ተራራው ላይ ተዘግቶ እንደኖረ የሚያስመስል ወሬም አልጠፋም። የአልዩ አምባ ዓርብ ገበያ ይህን ያፈርሰዋል። የሸዋ ሰው ባሕሩን ሳያየው ይቀምሰው፣ ይለብሰው፣ ይቆጥረው፣ ያዝንበትም ነበር። የሰሜን ሸዋ ተማሪ ስለ ታጁራ ሰላጤ ሲማር ስለ ባዕድ አገር ውሃ እየተማረ አይደለም፤ ስለ አያቶቹ የገበያ መንገድ እየተማረ ነው።

ሠዓሊው በርናትዝ አገሩ ተመልሶ ያየውን ሁሉ በሥዕል መጽሐፍ አሳተመ፤ የእንግሊዝኛው እትም በ1852 ወጣ። ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ የቆላው፣ አንዱ የደጋው። መጀመሪያ ላይ ታጁራ አለች፤ የባሕር ዳርቻው፣ ጎጆዎቹ፣ መርከቧ። ወደ መጨረሻው ሲገለጥ የአንኮበር ኮረብታ ይመጣል፤ ጫፉ ላይ የንጉሡ ቤት፣ ከሥሩ ገደል። በሁለቱ መካከል አሳል ተሥሏል፤ በጥቁር ተራሮች መሐል የተኛ ነጭ ጨው።